ካናሪ ደሴቶች በደዶ በኩል

ፍርሃት እንደ ሥራ ደመወዝ ቢከፈልበት ኖሮ እኔ ይኸኔ ባለፎቅ ነበርኩ። ውሻ እፈራለሁ። ሊፍት እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ስልኩ ጮሆ ጮሆ እስኪያበቃ ከሩቅ ቆሜ አየዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ "ወራጅ አለ" የማለት ድፍረት አጥቼ ሰፈሬን አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ቀላል አይደሉም። እንዲህ ያለ ሰው ባሕር መሐል ወደሚገኝ የእሳት ተራራ ሊሄድ ነው ቢሏችሁ አታምኑም። እኔም አላመንኩም ነበር። ችግሩ ሰፈሬ አመነ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኔ እዚሁ ጅማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። "ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው" እያልኩ ስንት ካርቶን ጠመኔ ጨርሻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ ግን ጊቤ ነው። እሱንም ከድልድዩ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ፣ ግማሽ ዓይኔን ጨፍኜ። ታዲያ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ለጂኦግራፊ መምህራን የተዘጋጀ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ማስታወቂያ አየሁ። ቦታው ካናሪ ደሴቶች። ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወዲያ ያሉ፣ የስፔን የሆኑ፣ ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተሠሩ፣ ፀሐይ የማይለያቸው ደሴቶች ናቸው። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያመለከትኩት እሄዳለሁ ብዬ አልነበረም፤ እንደማይወስዱኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ፈሪ ሰው የሚደፍረው የማይሆን ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው።

ወሰዱኝ።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ወደ ጅማ ሲዛወር አብራው መጥታ፣ እሱን እዚሁ ቀብራ፣ እኔንና እህቴን እዚሁ ያሳደገች ሴት ናት። ዜናውን ስነግራት ዓለም የሚደነቅበትን ፀሐይና አሸዋ አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

"እሳቱ ጠፍቷል?"

"ተኝቷል እማዬ" አልኳት፤ በሙያዬ ኮርቼ።

"የተኛማ ይነሣል" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በእኛ ሰፈር፣ በመንደራ ቆጪ፣ መሸኘት ቀልድ አይደለም። ሰው አገር ሊወጣ ነው ከተባለ ጎረቤቱ በሙሉ ግቢው ውስጥ ይሰበሰባል። ቄሱ ይባርካሉ፣ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ ስንቅ ያመጣሉ፣ የሚያለቅስ ያለቅሳል። የተሸኘ ሰው ደግሞ ሳይደርስ አይመለስም። ይህ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ ምስክሩ ግን መታጠፊያው ላይ ያለው ባለሱቅ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ለዱባይ ተሸኝቶ፣ ሰፈር አልቅሶለት፣ ወረቀቱ ስላልተሟላ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ልጆቹን ድሯል፤ ስሙ ግን አሁንም "ዱባይ" ነው። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ "አንተ ዱባይ!" ትለዋለች። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው።

እኔም በደንቡ ተሸኘሁ። የንስሐ አባታችን መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። አጥር የምንጋራው ልብስ ሰፊው አባ ፊጣ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የአባቴን ሱሪ ያሳጥሩ የነበሩት፣ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በትልቅ ዕቃ አሸክመው አመጡ፤ "ስፔኖቹ ይቅመሱ" ብለው።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ አባ ፊጣ፣ ልጄ ሲሉ እንደዚያ ነው የሚሉኝ፤ "ከዚያ ከእሳት ተራራ አንዲት ድንጋይ አምጣልኝ። መቀሴን ልሞርድበት።"

"እሺ አባ ፊጣ፣ አመጣልዎታለሁ" አልኩ። እናቴ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ ነገር ለራሷ ታነበንባለች። ጸሎት መሰለኝ። ጸሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት።

አዲስ አበባ ደርሼ ቪዛዬን ልወስድ ስሄድ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ስሜን ፈለገች፣ እንደገና ፈለገች፣ ከዚያ "አልደረሰም" አለችኝ። ወዲያው ከአዘጋጆቹ መልእክት መጣ፤ ቪዛቸው ያልደረሰ ሠልጣኞች ከሁለት ወር በኋላ ወዳለው ዙር ተዛውረዋል። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ውሃም የለ፣ እሳትም የለ፣ አውሮፕላንም የለ! ደስታዬ ግን ከሕንፃው በር አላለፈም። በሩ ላይ መምሬ ትዝ አሉኝ። ጭኮው ትዝ አለኝ። ዱባይ ከነሽበቱ ትዝ አለኝ።

የጅማ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ እስከ ወልቂጤ ድረስ ለጎረቤት የምነግረውን አዘጋጀሁ፣ እስከ ጊቤ ድረስ አፈረስኩት፣ ሰርቦን ስናልፍ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። "ካናሪ" ሲሉኝ ሰማሁ። ሳገባ "የካናሪ ሚስት"፣ ስወልድ "የካናሪ ልጆች"። መናኸሪያው ስንደርስ ወደ ቤት የሚወስደኝ እግር አልነበረኝም። ለደሴቱ የገዛሁትን ጥቁር መነጽር አደረግኩ፣ በማስክ አፌን ሸፈንኩ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና አንድ ባጃጅ ውስጥ ተወሸቅኩ።

"ወደ ደዶ መኪና መያዣ" አልኩ ድምፄን አጎርንኜ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። "ቲቸር! ካናሪ አልሄዱም እንዴ?"

ከተማው ስንት ባጃጅ እያለው እኔ የተሳፈርኩት በጂኦግራፊ የጣልኩት ልጅ ላይ ነው። "ተሳስተሃል ወንድም፣ እኔ ቲቸር አይደለሁም" አልኩት።

"እሺ ቲቸር" አለኝ።

ደዶ ከጅማ በስተደቡብ፣ ከፍ ብላ የተቀመጠች የገበሬ አገር ናት። የኮሌጅ ጓደኛዬ ነጂብ እዚያ ባዮሎጂ ያስተምራል። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ታሪኩን ስነግረው ግን መደቡ ላይ ተንጋሎ ሳቀ። ባለቤቱ ዘይነባ "ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" እያለች ከጓዳ ወጣች፤ እሱ በኦሮምኛ ሲነግራት እሷም ተቀመጠችና ሳቀች። ሲበቃቸው ግን ጋቢ አለበሱኝ። ሥልጠናው የሚያልቅበት ቀን እስኪደርስ እዚህ ልደበቅ፣ ከዚያ "ደርሼ መጣሁ" ብዬ ልግባ፣ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ደግሞ "በድጋሚ ጠሩኝ" ልበል ተባባልን። ሲታሰብ ቀላል ነበር። ሲታሰብ ከባድ የሆነ ሞኝነት አይቼ አላውቅም።

ሻንጣዬን ስከፍት እጅጌ ጉርድ ሸሚዞች፣ ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማና የፀሐይ ቅባት ወጡ። ውጭ ጭጋጉ በሩ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ደዶ ያን ሰሞን ከደሴት ጋር የሚያመሳስላት ነገር ቢኖር ዙሪያዋን መከበቧ ነው፤ ፀሐይ የሚባል ነገር ግን ወሬው እንኳ አይሰማም። ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ሰው ፀሐይ አገር ከርሞ ፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል፤ እኔ እኮ ከዚህ ስወጣ ከጎመን ሥር የወጣ ትል ነው የምመስለው። ስለዚህ ቀኑን የማሳልፈው ዘይነባ ምድጃ ሥር ፊቴን ለእሳቱ ሰጥቼ ሆነ። ዘይነባ ድስቷን ልታወጣ በመጣች ቁጥር "ማሎ፣ እባክህ፣ ትንሽ ፈቀቅ በል" ትለኛለች። በግራ በኩል ትንሽ ጠቆርኩ መሰለኝ።

እናቴ በኢንተርኔት እንድደውልላት አዝዛኝ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ ዝናቡ የነጂብን ቆርቆሮ ሊበሳው ደርሷል።

"ልጄ! ደህና ገባህ?"

"ደህና ገባሁ እማዬ። በጣም ይሞቃል።" ጥርሴ ይንገጫገጫል።

"ምንድነው እንደዚህ የሚጮኸው?"

"ባሕሩ ነው።"

"ውይ! አልጋህ ሥር ነው እንዴ ያለው?"

"ራቅ ይላል፤ ድምፁ ነው የሚያስተጋባው።" በዚህ መሐል የነጂብ ዶሮ መጮህ አማረው። ዶሮ ስፔንም አለ፤ እሱን አለፍነው። ቀጥሎ ግን ዘይነባ ደጅ ላይ ጎረቤቷን "አካም ቡልቴ? ነጋ ዳ?" ብላ ሰላም ስትል በደንብ ተሰማ።

እናቴ ጆሮዋ አያመልጠውም። "ኦሮምኛ ነው እንዴ የሰማሁት?"

"የ... የኛ አገር ሰው አገኘሁ እማዬ። የአጋሮ ልጅ ናት።"

"አጋሮ? የማን ልጅ?"

እናንተ ጅማን የማታውቁ ሰዎች፣ ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ አይታለፍም። "የእገሌ" ካላችሁ እናቴ ነገ አጋሮ ሰው ልካ "ልጃችሁን ልጄ ባሕር ማዶ አገኛት" ብላ ታበሥራለች። እነሱም በሬ ባያርዱ በግ ያርዳሉ። "ኔትወርኩ ሊቋረጥ ነው እማዬ" ብዬ ራሴ ቆረጥኩት።

በማግስቱ "አውሮፓም ኔትወርክ ይቆራረጣል እንዴ?" ስትል ጀመረች። እኔም ወሬ ለማስቀየር የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩ። አሸዋው ጥቁር ነው አልኳት፣ ወይኑን ጉድጓድ ቆፍረው አመድ ውስጥ ነው የሚተክሉት አልኳት። ተቀበለችኝ። ከዚያ አንዱ ደሴት ላይ ሰዎቹ ከእሳተ ገሞራው በሚወጣው ሙቀት ሥጋ ጠብሰው ለእንግዳ ያቀርባሉ አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።

"ተው ልጄ" አለች። "ሰው አገር ስለሄዱ እንዲህ አይዋሽም።"

ከነገርኳት ሁሉ ያላመነችው ብቸኛውን እውነት ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሰፈሩ ባሕሩን በቪዲዮ ማየት ፈለገ። ጭኮ አዋጥተዋል፣ አልቅሰዋል፣ መብታቸው ነው። አባ ፊጣ ጭራሽ ሱቃቸውን ዘግተው እቤታችን ገብተው ተቀምጠዋል። አልቻልኩም፣ አልተመቸኝም፣ ራሴን አሞኛል ብል የሚሰማ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ነጂብ ለገብስ ማስጫ የሚጠቀሙበትን ሰማያዊ ሸራ ከጎተራ አወጣና አንዱን ጫፍ አጥር ላይ አሰረ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ ከጀርባዬ ያራግበው ጀመር። እኔ እጅጌ ጉርድ ሸሚዜን ለብሼ፣ ጥቁር መነጽሬን አድርጌ፣ ብርድ እያንዘፈዘፈኝ ስልኩን ከፊት ያዝኩ።

"ማሻአላህ!" አሉ አባ ፊጣ። "እንዴት ያለ ሰማያዊ ነው ያ ረቢ!"

"ለምንድነው የምትንቀጠቀጠው?" አለች እናቴ።

"ከባሕር ወጥቼ ነው እማዬ።"

"ዋና መቼ ተማርክና ነው ባሕር የምትገባው! እንዳትደግማት!" ይህን እያለች ሳለ የነጂብ ላም ሸራውን በቀንዷ ገለጥ አድርጋ አንገቷን በትከሻዬ በኩል አስገባች። ስልኩን ሰማይ ላይ አዞርኩት። አባ ፊጣ "ባሕር ውስጥ ላም አለች?" ሲሉ ሰማሁና ቆረጥኩ። ነጂብ ሸራውን እንደያዘ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ልቤ ከሸራው ይበልጥ ይርገበገብ ነበር።

ትንሽ ቆይታ እህቴ ሠናይት ለብቻዋ ደወለች። ሠናይት ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮምፒውተር የምትማር፣ ከእኔ ድርሻ የነበረውን ድፍረት ሁሉ ጠቅልላ የወሰደች ልጅ ናት።

"ወንድሜ" አለች፤ "ባሕሩ ስፌት አለው።"

ዞር ብዬ ሸራውን አየሁ፤ እውነትም አለው።

"የት ነህ?"

"ደዶ።"

"ደዶ!" ስትስቅ ጠበቅኳት። አልሳቀችም። "ስማ፣ ቀልዱ ይቆይና፣ እማዬ ቡና ትታለች። አንተ ከሄድክ ጀምሮ።"

"ምን ማለት ነው ትታለች?"

"ስለት ተስላ ነዋ! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ላወጣው ለገብርኤል። 'ልጄን ከእሳቱ ደሴት በሰላም እስክትመልስልኝ ቡና በአፌ አይዞርም' ብላ። ለማንም አልነገረችም፤ እኔም ዛሬ ነው ያወጣጣኋት። ራሷን በሻሽ ጠፍራ ተኝታለች። አንተ ስትደውል ነው ብድግ ብላ ደህና መስላ የምታወራህ። እህልም እምቢ እያላት ነው። ፈርቻለሁ።"

ሠናይት ስትፈራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን የእናቴንና የቡናን ነገር ለእናንተ እንዴት ልንገራችሁ? አባቴ የሞተ ቀን እንኳ "መጀመሪያ አንድ ስኒ ስጡኝና አለቅሳለሁ" ያለች ሴት ናት። ጅማ ላይ ቡና የተወ ሰው ወይ ሊሞት ነው ወይ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ነው። እኔ ዘይነባ ምድጃ ሥር ፊቴን ሳጠቁር፣ የእናቴ ራስ ለሁለት እየተሰነጠቀ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ የለመድኩት ፍርሃት አልነበረም። የለመድኩት ለራሴ ነው፤ ይህኛው ለእሷ ነበር።

"ነገ እገባለሁ" አልኳት።

ነጂብ ሲሸኘኝ መፍትሔውን አስይዞኝ ነው። "ወላሂ ቀላል ነው። ሥልጠናው ቶሎ አለቀ፣ ደርሼ መጣሁ በላት። ስለቷ ደረሰ፣ ትጠጣለች፣ አበቃ። ላንተ ስትል አትዋሽ፣ ለሷ ስትል ዋሽ።" እውነትም ሌላ መንገድ አልታየኝም። ከመንገድ ዳር አንዲት ጥቁር ድንጋይ አንስቼ ለአባ ፊጣ ያዝኩ። ድንጋይዋ ራሷ እሳተ ገሞራ የወለዳት ናት፤ እኛ አገር ደጋው ሁሉ ከዚያው የመጣ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ቢያንስ እሷ አትዋሽም ብዬ ተጽናናሁ።

ቤት ስገባ ሠናይት መምጣቴን ለእናቴ ነግራ፣ እናቴ ለአባ ፊጣ ሚስት ነግራ፣ ግቢው ሞልቷል። መምሬ አሉ። አባ ፊጣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተዋል። ዱባይ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እናቴ ተነሥታ አቀፈችኝ። ደርቃለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ሻሹ ግንባሯን ጠፍሯት ቅንድቧን ወደ ላይ ስቦታል፤ በእጇ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

"ምነው በግራ በኩል ብቻ ጠቆርክ?" አለች።

"ፀሐዩ በዚያ በኩል ነበር" አልኩ።

ድንጋይዋን ለአባ ፊጣ ሰጠሁ። እያገላበጡ አዩዋት፣ ለሰዎቹ አሳዩዋት፣ ዱባይ ሳይቀር ነካት። ሠናይት በሁለት እጇ ስኒ ይዛ ከጓዳ መጣች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ስለቱን በዚያች ጠዋት ሁሉም ሰምቷል። እናቴ ስኒውን ተቀበለች። ሽታው ሲደርሳት ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀጥ ብላ በተከፈተው በር ወደሚታየው የሳሎን ግድግዳ፣ ወደ ገብርኤል ሥዕል ዞረች።

"ልጄን ከእሳቱ አውጥተህ ያመጣህልኝ፣ ስለቴን የሰማህ፣ ስምህ ይመስገን" አለችና ስኒውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች።

ሥዕሉ ላይ ያለው ገብርኤል ቀጥ ብሎ ያየኝ ነበር። ሰይፍ ይዟል። እኔ ለጎረቤት፣ ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቢሮ በግድም ቢሆን ልዋሽ እችላለሁ፤ ሰይፍ ለያዘ ሰው ግን አልችልም።

"እማዬ አትጠጪ!" ብዬ ጮህኩ።

አባ ፊጣ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደዘለሉ አላውቅም፤ ስኒውን ከእናቴ እጅ መንጭቀው ያዙት። "ምን ገብቶበታል? ዝንብ ነው? መርዝ ነው?" እያሉ አሸተቱት። ሠናይት "እኔ ነኝ እኮ ያፈላሁት!" ብላ ጮኸች። አንዲት ጎረቤት እሪ አለች። መምሬ መስቀላቸውን መዘዙ፤ ለማን እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም።

"ምንም የለበትም!" አልኩ። "አልሄድኩም። ቪዛው አልደረሰም። ደዶ ነበርኩ።"

አባ ፊጣ ኪሳቸው ውስጥ ያስገቧትን ድንጋይ ቀስ ብለው አወጡና አዩዋት፤ ከዚያ መልሰው ከተቱት። ዱባይ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ መጣ፣ ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር። ያን ያህል ዘመን ብቻውን ቆይቶ ጓደኛ ማግኘቱ ነው።

እናቴ ግን እኔን አላየችም። የምታየው አባ ፊጣ እጅ ላይ ያለውን ስኒ ነው።

"እንግዲህ ስለቱ" አሉ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ "ከእሳቱ ደሴት እስኪመለስ ከሆነ፣ ያልሄደ ሰው እንዴት ይመለሳል? መሄድ አለበት።"

"መቼ ነው የሚሄደው?" አለች የአባ ፊጣ ሚስት።

"ከሁለት ወር በኋላ" አልኩ። "ቪዛው ከደረሰ።"

ያ ሁሉ ሰው አየኝ። እውነቱን ተናግሬ እናቴን ሁለት ወር ሙሉ ከቡና ነጠቅኳት ማለት ነው! ሄጄ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

"መምሬ፣ እኔ ሃይማኖት የተማርኩ ዓሊም አይደለሁም" አሉ አባ ፊጣ፤ "ግን ልጁ ካልሄደ ስለቱስ መቼ ጀመረ? ያልተቀደደ ጨርቅ ይሰፋል?"

"ቃል ከአፍ ወጥቷል አባ ፊጣ። ቃል ቀላል ነገር አይደለም።"

"ቀላል ነው አላልኩም ወላሂ! ግን ሴትየዋን ተመልከቷት፣ ማሎ!"

ክርክሩ ጋለ። ሁለቱም ሽማግሌ ስለ እናቴ ነፍስ አዝነው ነው የሚከራከሩት። ከመሐል አባ ፊጣ ስኒውን እያወዛወዙ ሲናገሩ የእናቴ ዓይን ከስኒው ጋር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ይሄዳል። እንፋሎቱ እየቀነሰ ነው። እኔ እጄን አገጬ ሥር አድርጌ እየጸለይኩ ነበር፤ ለምን እንደምጸልይ እንኳ አልለየሁም።

"ዝም በሉ!" አለች እናቴ።

አባ ፊጣ እንኳ ስኒውን ማወዛወዝ አቆሙ።

"እኔ የለመንኩት ልጄን ነው። የቦታውን ስም ለገብርኤል የነገርኩት ሲፈልገው እንዳይቸገር ብዬ ነው። ደዶ ከሆነ ደዶ ሄዶ ጠብቆታል። ይኸው፣ ከነግራ ጉንጩ አምጥቶልኛል።" እጇን ዘረጋች። "ስኒዬን ይስጡኝ አባ ፊጣ።"

አባ ፊጣ መምሬን አዩ። መምሬ አፋቸውን ከፈቱ፣ አሰቡ፣ ዘጉ፣ ከዚያ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ።

ጠጣች። ቀዝቅዟል አላለችም፣ ስኳር አነሰ አላለችም። ስኒውን ለሠናይት መልሳ አቀበለችና ሁለተኛውን ጠጣች። ከዚያ እጇን አንሥታ ሻሹን ፈታችው። ቅንድቧ ወደ ቦታው ወረደ፤ ፊቷ ቀስ በቀስ የማውቀው ፊት ሆነ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ተነፈሰ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አፍሬያለሁ።

መጥታ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ደዶ ይበርዳል" አለች በቀስታ። "ምን ለብሰህ ከረምክ?"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። "የነጂብን ጋቢ" አልኳት። "እማዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።"

"ከእናቱ ቤት የሚደበቅ ይሉኝታ!" አለችና ጭንቅላቴን ኮረኮመችኝ፤ አጥብቃ ነው የኮረኮመችኝ፣ ጉልበቷ ተመልሷል። ሠናይት ሦስተኛውን ስኒ አመጣችላት። እናቴ ጠጥታ ስታበቃ ዓይኗን ወደ ሥዕሉ አንሥታ ትንሽ አሰበች።

"እንግዲህ ከሁለት ወር በኋላ ስትሄድ" አለች፤ "ገብርኤል ይስማኝ፣ ሁሉም ይመስክርብኝ፣ እስክትመለስ የምተወው ሻይ ነው።"

እናቴ ሻይ በዕድሜዋ ቀምሳ አታውቅም።